ለእግር ሐኪም ማን ይመስክር?

እስቲ ዛሬ ስለ እግር እናውራ። ቋንቋችን እግርን ይወዳል። ያላሰብነው ቦታ ስንገኝ «እግር ጥሎኝ» እንላለን። በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ስንፈጽም «እግረ መንገዴን» እንላለን። በየገጠሩ እንግዳ ደክሞት ሲገባ ውኃ ይሞቅና እግሩ ይታጠብለታል፤ አጣቢው አንዳንዴ የቤቱ ልጅ ነው፣ አንዳንዴም አባወራው ራሱ። እግር የታመመ ቀን ግን ያን ያህል ሰው አያገኝም። ጥርስ ሲያመን የጥርስ ሐኪም፣ ዓይን ሲያመን የዓይን ሐኪም እንላለን። እግር ሲያመንስ? ጫማ እንቀይራለን። ካልሆነ ወጌሻ እንጠራለን። ከዚያ የባሰ እንደሆነ ቀዶ ሐኪም ዘንድ እንደርሳለን፤ እዚያ ሲደረስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወሬው ስለ ማዳን ሳይሆን ስለ መቁረጥ ይሆናል።

ሌላው ዓለም ለእግር ብቻ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ሙያውን ፖዳያትሪ ይሉታል። ከእግር ጣት ጥፍር እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቆዳውን፣ አጥንቱን፣ ነርቩን፣ የደም ሥሩን የሚመለከት ሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ 11 እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተመራቂዎቻቸው መድኃኒት ያዝዛሉ፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራሉ። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለነዚህ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ነው። የሐኪሞቹ ቁጥርም ሆነ ገቢ አላጓጓኝም። ይልቅ ታሪኩ አጭር ሆኖ፣ በአንድ ረጅም ዕድሜ ውስጥ ሊጠቃለል ጥቂት ሲቀረው፣ እኛንም የሚያሳስብ አንድ ጥያቄ ከመነሻው ጀምሮ ይዞ ይሄዳል። ይህ ሰው ሙያውን ያውቃል ብሎ የሚመሰክረው ማን ነው? (የአሜሪካኑን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።)

ከፕሬዚዳንት እግር ልጀምር። በ1862 አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ አብርሃም ሊንከንን እግሩ ያሠቃየው ነበር። ያኔ ኢሳካር ዘካሪ የሚባል እንግሊዝ አገር የተወለደ ሰው ዋይት ሐውስ ገባና እግሩን አከመለት። ሊንከን ደስ አለው፤ እግሩ እንደተሻለውና ምቾት እንዳገኘ በገዛ እጁ ጽፎ ምስክርነት ሰጠው። ሰውየው በዚህ ወረቀት በሩ ሁሉ ተከፈተለት፤ የጦር መኮንኖችንና ሚኒስትሮችን እግር እየያዘ ወሬም መያዝ ጀመረ። በ1863 ሊንከን እግረ መንገዱን ለፖለቲካ ጉዳይም ልኮታል፤ ኒው ኦርሊንስ ወርዶ የከተማውን ስሜት አጥንቶ እንዲነግረው። ከጦርነቱ በኋላ ዘካሪ የብዙ ሺህ ወታደሮችን እግር አክሜያለሁ ብሎ ለኮንግረስ ሂሳብ አቀረበ። አልተከፈለውም።

ይህ ሰው የት ተማረ? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የሚማርበት ቦታ አልነበረም። በ1860 ስለ እግር በሽታ መጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ ግን በአብዛኛው ጆን አይዘንበርግ የተባለ ሌላ የእግር አካሚ በ1845 ለንደን ላይ ካሳተመው የተገለበጠ ነው። ርዕሱ እንኳ አልተለወጠም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአገሪቱ መሪ እግር የተያዘው የሰው መጽሐፍ ገልብጦ በስሙ ባሳተመ እጅ ነው። ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያልቅም፤ ያው እጅ የሊንከንን ሕመም በእርግጥ አስታግሷል። ዘካሪ አጭበርባሪ ነበር ወይስ ባለሙያ? ሁለቱንም ነበር ብል አልሳሳትም። ሁለቱን የሚለይ ወንፊት ግን በዚያ ዘመን አልነበረም። የነበረው ምስክር በሽተኛው ብቻ ነው፤ በሽተኛ ደግሞ ሕመሙ ከለቀቀው ለማንም ይፈርማል።

እኛ አገር ወጌሻው እንደዚሁ ነው። ወጌሻ ከአባቱ ይማራል፤ ዲፕሎማ የለውም። የሚፈትነው መንደሩ ነው። የእገሌን ልጅ እጅ ሰብስቦ አቃንቶ ከሆነ ስሙ ይወጣል፣ አበላሽቶ ከሆነ ሰው በሩን አይረግጥም። መንደሩ ትንሽ ከሆነና ሁሉም ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ ይህ ፈተና ከብዙ ዲፕሎማ ይሻላል። ሆኖም መንደሩ የማያየው ነገር አለ። በቀርከሃ አጥብቆ የታሰረ እግር ደም ተቋርጦበት ሲጠቁር፣ ሆስፒታል የሚደርሰው አንዳንዴ ከመቆረጥ በቀር ሌላ መላ በሌለበት ሰዓት ነው። ያን የሚያየው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ለወጌሻው ተመልሶ የሚነግረው ሰው የለም፤ እሱም በቀጣዩ ቀን ሌላ እግር ያጠብቃል። ትምህርት ቤት ማለት ከሁሉ በፊት ይህ ይመስለኛል፤ የተበላሸው ሥራ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ የሚታይበት ቦታ።

ወደ አሜሪካ ልመልሳችሁ። በ1895 የኒውዮርክ የእግር አካሚዎች ማኅበር መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት ክፍለ ግዛቱ ሙያቸውን በሕግ አወቀላቸው። ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድም ተበጀ። ትምህርት ቤት ግን ገና አልነበረም። ፈቃድ ከትምህርት ቤት ቀድሞ መጣ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ሕንፃው ይቀድምና ፈቃዱ ከኋላ እየሮጠ ይደርሳል።

ከዚያ 1910 መጣ። በዚህ ዓመት አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል ሰው የአሜሪካንና የካናዳን ሕክምና ትምህርት ቤቶች አንቀጠቀጠ። ፍሌክስነር ሐኪም አልነበረም፤ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የካርኔጊ ፋውንዴሽን ላከውና 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን አንድ በአንድ ዞረ። በማስታወቂያ ላይ «ዘመናዊ ላቦራቶሪ» የተባለው ቤት ሲከፈት አቧራ የጠጡ ጠርሙሶች ናቸው። የመግቢያ መስፈርት በወረቀት አለ፤ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሁሉ ግን ይገባል። አስተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱ ባለቤቶች ናቸው፤ ከተማሪ የሚሰበሰበውን ክፍያ ይካፈሉታል። ታዲያ ማን ተማሪ ይጥላል? ተማሪ መጣል እንጀራን መጣል ነው። ቺካጎን በተለይ አልማራትም። ሪፖርቱ ከነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች 31 ብቻ ቢቀሩ ይበቃል አለ። ያን ያህል እንኳ ባይሆን በ1930ዎቹ አጋማሽ የቀሩት 66 ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፍሌክስነርን ሁሉም ሲያመሰግነው ስለምሰማ። ያኔ ሰባት የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከሪፖርቱ በኋላ አምስቱ ተዘጉ፤ ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ተረፉ። አብዛኞቹ የነጮች ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም፤ ብዙ የነጭ ሆስፒታሎችም ጥቁር በሽተኛ አያስተኙም። የጥቁር ሐኪም ቁጥር የደረሰበት ጉዳት መቶ ዓመት አልፎት እንኳ አልተጠገነም። «ጥራት» ሲባል በሩ ይጠብባል፤ በሩ ሲጠብ ውጭ የሚቀረው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ከሌለ መጥበቡ ብቻውን ጥራት አይሆንም። ይህን የምለው ደካማ ትምህርት ቤት ይከፈት ለማለት አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ስሙ ይጻፍለት ለማለት ነው።

ፍሌክስነር የእግር ትምህርት ቤቶችን አልገመገመም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1911 ግን ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያው የእግር ሕክምና ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ዋናው ሰው ሞሪስ ሌዊ ይባላል። የሚገርመው ሌዊ የእግር አካሚ አልነበረም፤ የተማረ ሐኪምና የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የሕክምና ፈታኞች ቦርድ ጸሐፊ ነበር። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ በየዓመቱ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። የዚያ ዘመን ሐኪም የእግር ጥፍርና የደደረ ቆዳ ከክብሩ በታች ስለሚመስለው ለጸጉር አስተካካይና ለገላ መታጠቢያ ቤት ሠራተኛ ትቶት ነበር። ሌዊ ሐኪም ከናቀው ሌላ ሰው በትክክል ይማረው ብሎ ተነሣ። የኒውዮርኩ ትምህርት ቤት ዛሬም ሃርለም ሰፈር አለ፤ ሌዊ ደግሞ 99 ዓመት ኖሮ በ1957 ሞተ።

ስሙንም የለወጠው እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሙያው «ካይሮፖዲ» ይባል ነበር፤ ከግሪክ የእጅና የእግር ቃላት የተሠራ ስም ነው። ሕዝቡ ግን በ1895 ከተጀመረው፣ ጀርባ እያቃኑ ማከም ከሆነው «ካይሮፕራክቲክ» ጋር ያምታታው ጀመር። ሌዊ «ፖዳያትሪ» ይባል አለ፤ የእግር ሕክምና ማለት ነው። ባልንጀሮቹ ግን ቃሉን ለመልመድ አልቸኮሉም። ብሔራዊው ማኅበር አሮጌውን ስም ጥሎ አዲሱን የወሰደው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። አርባ ዓመት ለአንድ ቃል! (እኛም «ድሬሰር» የሚለውን ስም ከአፋችን ለማውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብን አስታውሱ።)

በ1912 ደግሞ ቺካጎ ላይ ሁለተኛው ዓይነት ሰው ብቅ አለ። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፋርማሲ ገብታችሁ የጫማ ንጣፍ ገዝታችሁ ከሆነ ፓኬቱ ላይ አንብባችሁታል፤ ዶክተር ሾል። ዊልያም ሾል በ1882 ኢንዲያና ውስጥ ከገበሬ ቤት ተወለደ፣ ጫማ መስፋት ተማረ፣ ቺካጎ ሄዶ ጫማ ሻጭ ሆነ። ጫማ ሻጭ እግር ያያል። ሾል ያየው እግር ሁሉ የተበላሸ መሰለው፤ ማታ ማታ ሕክምና ተምሮ በ1904 ተመረቀ። በዚያው ወቅት የእግርን ቅስት የሚደግፍ ዕቃ ፈጠረና ሀብታም ሆነ። የእግር አጽም ከቦርሳው አውጥቶ የባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ ይሸጥ ነበር ይባላል። ለጫማ ሻጮች በፖስታ የሚላክ ትምህርትም አዘጋጅቶ ነበር፤ ሻጩ ይማራል፣ ከዚያ የሾልን ዕቃ የበለጠ ይሸጣል። ይህ ሰው ነው በ1912 የኢሊኖይን የእግር ሕክምና ኮሌጅ የመሠረተው።

ሾልን ማጥላላት ቀላል ነው። ዕቃ የሚሸጥ ሰው ትምህርት ቤት ሲከፍት «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም» የሚለው ተረት ይታወሰናል። እኔ ግን ነገሩን እንዲህ ብቻ አላየውም። ኮሌጁ የሾልን ዕቃ ገበያ አልፎ ኖረ፤ በ1968 ሾል ከሞተ በኋላም ቀጠለ፣ በ1981 በስሙ ተሰየመ፣ በ2001 ደግሞ ዛሬ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ከሚባለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ። መሥራቹ ነጋዴ መሆኑ ትምህርት ቤቱን አልገደለውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ሳንፍራንሲስኮ በ1914፣ ፊላደልፊያ በ1915፣ ክሊቭላንድ በ1916 ሌሎችም ተከፈቱ፤ ከፊላደልፊያው በቀር አብዛኞቹ ብቻቸውን የቆሙ፣ የሚኖሩትም በተማሪ ክፍያ የሆነ ነበሩ። ፍሌክስነር የነቀፈው ቤት ማለት ነው፤ በሌላ በር ተመልሶ የገባ። የትምህርቱ ዘመን ከአጭር ኮርስ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እስከ አራት ዓመት ረዘመ። ዲግሪው ግን እንደየቤቱ የተለያየ ነበር፤ አንዱ አንድ ስም ይሰጣል፣ ሌላው ሌላ። አንድ በሽተኛ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አንብቦ ሐኪሙ ምን እንደሚያውቅ ሊያውቅ አይችልም።

የፊላደልፊያውን ለብቻው ላንሳው። እሱ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ጣራ ሥር ነበር፤ ከሁሉም የተሻለ ዕድል የነበረው እሱ ነው ማለት ይቻላል። በ1960 ዩኒቨርሲቲው ዘጋው። የከተማው የእግር ሐኪሞች ተሰብስበው ሌላ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ በ1963 ተማሪ ተቀበለ፤ ብቻውን ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆመ፤ በ1998 ተመልሶ ቴምፕል ገባ። ከቤት ወጥቶ፣ ተንከራትቶ፣ ጸጉሩ ሸብቶ የተመለሰ ልጅ ይመስላል።

በዚያው ሰሞን፣ በ1961 ማኅበሩ ያልተለመደ ነገር አደረገ። የገዛ ትምህርት ቤቶቹን የሚመረምር ሰው ከውጭ ጠራ። ዊልያም ሴልደን ይባላል፤ የእግር ሐኪም አይደለም፤ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በመመዘን ሥራ የታወቀ ሰው ነው። የሴልደን ሪፖርት ለዚህ ሙያ፣ ሃምሳ ዓመት የዘገየ ፍሌክስነር ነበር ይባላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ፍሌክስነር ሲመጣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጠልተውት ነበር፤ ሴልደንን የጠሩት ግን ራሳቸው ናቸው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ከባዱ ነጥብ ይህ ነው። ሥልጣን ያለው አካል ፈትሾ ሲያዋርድህ ማጎንበስ ቀላል ነው፤ አማራጭ የለህም። በሬን ክፈቱና ግቡ፣ ያያችሁትንም ጻፉ ማለት ግን ሌላ ነው። ከሪፖርቱ በኋላ ሥርዓተ ትምህርቱ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት እየተጠጋ ሄደ፤ መሠረታዊ ሳይንሱ ተጠናከረ፤ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ዲግሪውም ለሁሉም አንድ ሆነ።

እርግጥ ያኔ ገንዘቡም ረድቷል። በ1963 የወጣው የጤና ባለሙያዎች ትምህርት ድጋፍ ሕግ የእግር ሕክምና ትምህርት ቤቶችንም በዝርዝሩ አስገባ። በ1967 በተሻሻለው ሕግ ደግሞ ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን፣ ለእግር ሐኪም መክፈል እንዲችል ተፈቀደ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መንግሥት ከፋይ ሲሆን የሚከፍልበትን ነገር ማየት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ እጅ። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ እግር አይቀድም። የስኳር በሽተኛ እግር ነርቡ ደንዝዞ እሾህ ሲወጋው አይሰማውም፤ ጫማ ውስጥ ጠጠር ይዞ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ማታ ሲያወልቅ ካልሲው ደም ነክቶታል፤ ደም ሥሩም ጠብቦ ከሆነ ቁስሉ አይድንም። አጠገቡ ያለው ጤነኛ ቆዳ የቱ ነው፣ የሞተው የቱ ነው? ምላጩ የት ይቁም? ይህን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው የለም። ሌላ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ «እዚህ ጋ ቁም» እያለው፣ ደጋግሞ ሠርቶ ነው የሚያውቀው። የመጀመሪያው የእግር ሐኪሞች የሆስፒታል ሥልጠና በ1956 ፊላደልፊያ ውስጥ ተጀመረ። ለአሠርት ዓመታት ግን ሥልጠናው እንደ ዕድል ነበር፤ አንዱ አንድ ዓመት ያገኛል፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው ሦስት፣ ሌላው ምንም። አንድ ዲግሪ ይዘው የተመረቁ ሁለት ሰዎች አንደኛው ቁርጭምጭሚት ይቀዳል፣ ሌላኛው ጥፍር ይቆርጣል። በ2011 ነገሩ ተቆረጠ፤ ሥልጠናው ሁሉ ሦስት ዓመት ይሁን ተባለ።

ጥሩ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ግን የተማሪውን ቁጥር አልጠየቀም። ትምህርት ቤቶቹ ብዙ ተማሪ ተቀብለው ነበር፤ ሆስፒታሎቹ ያን ያህል የሥልጠና ቦታ አልነበራቸውም። በ2013 እና በአካባቢው ባሉት ዓመታት አራት ዓመት ተምረው፣ የብሔራዊ ቦርዱን ፈተና አልፈው፣ በብድር ተዘፍቀው የሥልጠና ቦታ ያጡ ተመራቂዎች ነበሩ። ሥልጠና ከሌለ ደግሞ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የሥራ ፈቃድ የለም። አስቡት፤ ዶክተር ተብሎ ተጠርቶ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ፣ እናት ፎቶውን ሳሎን ሰቅላ፣ ልጁ ግን የማንንም እግር መንካት አይችልም። ይህ የማን ጥፋት ነው? ተማሪው የተጠየቀውን ሁሉ አድርጓል። እኔ ጥፋቱን የምጥለው ክፍያ ተቀብሎ በሩን ሲከፍት መውጫው ስንት ሰው እንደሚያሳልፍ ባልቆጠረው ቤት ላይ ነው። የመማሪያ ወንበር በገንዘብ ይጨመራል። የሥልጠና ቦታ ግን በሽተኛ ይፈልጋል፣ አስተማሪ ይፈልጋል፣ ሆስፒታል ይፈልጋል፤ በማስታወቂያ አይጨመርም።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን ተዘንብሏል። የሥልጠና ቦታው በዝቶ አመልካቹ ቀነሰ። እንዲያም ሆኖ በ2022 ቴክሳስ ውስጥ፣ በ2023 ደግሞ ፔንስልቬንያ ውስጥ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ዘጠኝ የነበሩት አሥራ አንድ ሆኑ። ወንበር ባዶ ሲሆን መዝጋቢው ምን ይፈተናል? መልሱን ፍሌክስነር በ1910 ጽፎታል። የሚያጽናናው፣ ዛሬ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከተቀበላቸው ስንቱ በአራት ዓመት እንደተመረቁ፣ ስንቱ ቦርዱን እንዳለፉ፣ ስንቱ የሥልጠና ቦታ እንዳገኙ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። ወላጅ ከመክፈሉ በፊት ያነብባል። ቁጥሩ ይዋሻል የሚሉ አሉ፤ ይዋሽ ይሆናል፤ ቢሆንም የተደበቀ ቁጥር ከዚህ የባሰ ይዋሻል።

ወደ እኛ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስክ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ነበሩ፤ ከግል ተቋማት የመጡት ደግሞ ከመቶ 17 ያህሉ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ተማሪውን ሰነፍ አለው። ሰነፍ አይጠፋም። ከመቶ ሰማንያው ሲወድቅ ግን ወሬው ስለ ተማሪ ሊሆን አይችልም፤ ሦስትና አራት ዓመት «አልፈሃል፣ ቀጣዩን ክፍያ አምጣ» ሲለው የኖረ ቤት አለ። ያ ቤት የገዛ ተማሪውን ሲመሰክርለት ነበር። ፈተናው የጨመረው አዲስ ነገር የውጭ ምስክር ብቻ ነው።

ስለ እግር ብቻ ከሆነ ግን እኛም የምናወራው ታሪክ አለን። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት ከነበረው ሆስፒታል ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ተቋቋመ። ከአፍሪካና ከሌላም ዓለም ሐኪሞችና ነርሶች እየመጡ ሠለጠኑበት። የሥጋ ደዌ ነርቭ ይገድላል፤ በሽታው በመድኃኒት ከዳነ በኋላም እግሩ እንደደነዘዘ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ለሐኪም ብቻ አልነበረም። በሽተኛው ራሱ እግሩን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ገልብጦ ማየት ይማራል። ጫማ የሚሠራበት ክፍልም አለ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እዚሁ ሆኖ ነው ስለ ዝሆኔ ያስተማረን፤ በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲኬድ የሚያሳብጠው ዝሆኔ ከትል የሚመጣ ሳይሆን ከአፈሩ ጥቃቅን ብናኝ መሆኑን ያረጋገጠው እሱ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። «ፖዶ» ያው የፖዳያትሪው እግር ነው። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታ አለበት። መከላከያው ጫማ ነው፤ ሕክምናው ደግሞ ሳሙናና ውኃ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ትዕግሥት። በወላይታ የቀድሞ በሽተኞች ሠልጥነው ሌሎች በሽተኞችን ያክማሉ። ዲግሪ የላቸውም። ሥራቸው ግን በየጊዜው ይለካል፤ እብጠቱ ጎድሏል ወይስ አልጎደለም፣ ቁስሉ ገጥሟል ወይስ አልገጠመም?

ዛሬ ችግሩ ከቀይ አፈርም ከሥጋ ደዌም አልፎ ከተማ ገብቷል፤ በስኳር በሽታ መልክ። ባለፈው ዓመት አክስቴን ለስኳር ክትትል ይዤ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እግራቸው ከደነዘዘ ሰንብቷል። ሠራተኞቹ ትሑቶች ናቸው። ደም ተወሰደ፣ ግፊት ተለካ፣ ክብደት ተለካ። ግድግዳው ላይ የአራት ተቋማት የምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰቅሏል፤ እስኪጠሩን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። መድኃኒቱ ታዘዘ፣ ቀጠሮ ተሰጠ፣ ካርዱ ተመለሰ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። «እማማ፣ እስቲ ጫማዎን ያውልቁ» ያላቸው ሰው አልነበረም።